ሻምበል ብቻውን ይዋል ቢባል

ሌላው ሰው ልጅ አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ድሮ ኩሎ ያርፋል። እኔ አንድ ውሻ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻውን እንዲውል ማድረግ አቅቶኝ የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር መነጋገሪያ ሆኛለሁ። አትሳቁ ብዬ አልለምናችሁም። ሰፈሩ በሙሉ ስቆ ጨርሷል፤ እናንተ ብቻ ለምን ይቅርባችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ አግብታ ሀዋሳ ስትሄድ አብረን የተከራየነው ቤት ውስጥ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። መጀመሪያ ላይ ነፃነት መስሎኝ ነበር። ካልሲዬን የትም ብጥል የሚናገረኝ የለም። ቀስ በቀስ ግን የሚናገረኝ አለመኖሩ ራሱ ይከነክነኝ ጀመር። ሁርሶ የሚኖር አንድ አጎት አለኝ። አንድ እሑድ ሊጠይቀኝ መጥቶ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ይሄ ቤት ሰው ያለበት አይመስልም፤ ለብቻህ እያወራህ እንዳታብድ» ብሎኝ ሄደ። ሲመለስ በአይሱዙ ላይ አንድ ትልቅ የሽቦ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ቡናማ ውሻ ጭኖ ነበር።

አጎቴ ሃምሳ አለቃ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ውሻውን ሻምበል ብሎ የሰየመው ዕድሜውን ሙሉ ሲታዘዘው የኖረውን ማዕረግ እሱም በተራው «ተኛ»፣ «ተነስ» እያለ ለማዘዝ ነው። ሳጥኑን ራሱ አስበይዶ ሻምበልን ከቡችላነቱ ጀምሮ እዚያው ውስጥ አሳድጎታል። «ስትወጣ ታስገባዋለህ፣ ስትመለስ ትከፍትለታለህ። ሌላ ጣጣ የለውም። ዲሲፕሊን ያለው ውሻ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ምንም ጣጣ አልነበረውም። ጠዋት ሳጥኑን ስከፍትለት ዘው ብሎ ይገባል፤ ማታ ስከፍትለት ወጥቶ ጭራውን እየቆላ ይዞረኛል። እኔም ከሥራ ስወጣ ሻይ ቤት መጎለቴን ትቼ በቀጥታ ወደ ቤት መሄድ ጀመርኩ። ባጃጅ ሲዘገይብኝ እናደድ ነበር። የሚጠብቀው ያለው ሰው መሆን እንዲህ ያደርጋል ለካ።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ።

እኔ የምሠራው የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሱቋን ዘግታ ስትጋደም የእኛ ሱቅ ክፍት ነው። ባለቤቱ በቅርቡ ከደጋ የመጣ ሰው ስለሆነ በቀትር መተኛት ስንፍና ይመስለዋል። ስለዚህ እኔ አንድም ገዢ ዝር በማይልበት ሰዓት ደብተርና እስክሪብቶ እየጠበቅሁ እውላለሁ። ሻምበል ደግሞ በዚያው ሰዓት ሳጥኑ ውስጥ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ይውላል።

ይህን በመስኮት ያየችው አዴ ሩቂያ ናት። አዴ ሩቂያ የግቢው ባለቤት ናት፤ እኛ ጋ ትልቅ ሴት «አዴ» ትባላለች። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይወደድም። ተከራይቼ የገባሁ ሰሞን «እርስዎ» ብላት፣ «ምን አድርጌህ ነው የምታስረጀኝ?» ብላ ተቆጥታኛለች። ቤቱ ባቡሩ ደህና በነበረበት ዘመን የተሠራ ቪላ ነው፤ ጣራው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ በወፍራም የብረት ፍርግርግ የታጠሩ። ፊት ለፊቱን እሷ ትኖርበታለች፣ የኋላዎቹን ሁለት ክፍሎች እኔ።

አዴ ሃይማኖቷን አጥባቂ ናት፣ ውሻ አትነካም። ሻምበል በአጠገቧ ሲያልፍ ቀሚሷን ሰብስባ ትቆማለች፤ ከነካት ልብሷን እንደገና ልታጥብ ነው። ያን ዕለት ግን በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ውሻ ግቢዬ ሲገባ ዝም አልኩ» አለችኝ። «ይጠብቀናል አልኩ። ይሄን ግን ዝም አልልም። በዚህ ሀሩር ፍጡር በብረት ዘግተህ ትሄዳለህ እንዴ? ጣራው የኔ ነው። አላህ የሚጠይቀው እኔን ነው።»

«ለምዶታል እኮ አዴ። ከተፈታ ቤቱን ያፈርሰዋል።»

«ሌላ ይልመዳ። ሳጥኑ ከግቢዬ ይውጣ፣ ውሻው ተፈትቶ ክፍልህ ውስጥ ይዋል። ልብሴን አይንካ፣ ሰፈሩን በጩኸት አያውክ። ይሄን ካልቻለ ለሙክታር ስጠው። አባቱ ገጠር፣ ጀልዴሳ፣ ፍየል ያረባሉ።»

ሙክታር ባጃጅ ነጂ ነው፤ የግቢው በር አጠገብ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ባጃጁን እያጠበ ሁሉንም ሲሰማ ነበር። «አቦ ስጠኝ በቃ» አለ። «ባባን ጅብ አስቸግሮታል። ወላሂ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ።»

ደነገጥኩ። ከዚያች ደቂቃ በፊት ውሻውን ይህን ያህል እንደምወደው አላወቅሁም ነበር። አጎቴ ያራገፈብኝ ዕዳ ነው እያልኩ ስማረር ነበር የከረምኩት። «አልሰጥም» አልኩ፣ ድምፄ ለራሴ እስኪገርመኝ ድረስ። «አሠለጥነዋለሁ።»

እንዴት እንደሚሠለጠን ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። ስልኬን ከፍቼ ፈለግሁ። ቪዲዮ የምትሠራ አንዲት ፈረንጅ አገኘሁ፤ ከኋላዋ ለምለም ሣር፣ እግሯ ሥር የተኛ ውሻ፣ ድምፅዋ የሚያስተኛ። ሳጥን ውስጥ ያደገን ውሻ ቤት ውስጥ ፈትቶ መተው እንደምን ቀላል እንደሆነ ታስረዳለች። መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ትታችሁት ውጡ። ቀስ በቀስ ጊዜውን ጨምሩ። ከሁሉም በላይ ስትወጡ አትሰናበቱት፤ መሄዳችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስለው ዝም ብላችሁ ውጡ። ሴትዮዋ ድሬዳዋን አታውቅም። እዚህ ከውሻው ሳልሰናበት መውጣት እችላለሁ። ከሰው ሳልሰናበት ግን ከግቢው በር አላልፍም።

በመጀመሪያው ቀን ሳጥኑን ክፍት ትቼ፣ የክፍሌን በር ቀስ ብዬ ዘግቼ በጣቴ እየተራመድኩ ወጣሁ። የግቢው በር አጠገብ ጋሽ ታደሰ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ታደሰ የጎን ክፍሉ ተከራይ ነው፤ ዕድሜውን በባቡር ላይ የጨረሰ ጡረተኛ። «እንዴት አደርክ?» አለኝ። ደህና አልኩ በሹክሹክታ። «ጉሮሮህን ምን ነካው?» አለኝ። ምንም አልኩት። «እህትህ ደወለች? አጎትህስ? ሙቀቱን እንዴት ይዞታል?» ይህን ስንባባል አዴ ከውስጥ ሰማችን። «አካም፣ ነገያ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም እያለች ወጣች፤ እሷም ከአጎቴ ጤና ጀመረች። ሙክታር ባጃጁን አጥፍቶ ወረደና ስለ ጉሮሮዬ ዝንጅብል አዘዘልኝ። ሻምበል ይሄን ሁሉ ጊዜ የእኔን ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ እየሰማ በሩን በጥፍሩ ይቧጥጣል፣ ያላዝናል። ውሻው ሲያለቅስ አትመለሱ ብላለች ፈረንጇ። አልተመለስኩም፤ ግን አልሄድኩምም። ያን ያህል ጊዜ በር ላይ ቆሜ ስለ ዝንጅብል ስወያይ ውሻዬ የተማረው ነገር ቢኖር እኔ በአቅራቢያው ሆኜ እምቢ እንዳልኩት ነው።

በማግስቱ ብልጥ ሆንኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ ለማንም ሳልናገር እልፍ ብዬ ሄድኩ።

ከቀትር በፊት ሙክታር ሱቅ መጣ። ደብተር ሊገዛ መስሎኝ ተነሳሁ። «ወሪያ፣ ምን አደረግንህ?» አለኝ። አዴ ምግብ አልበላ ብሏታል፤ ስለ ውሻው ስለተቆጣሁት ተቀየመኝ ብላለች። ጋሽ ታደሰ ደግሞ እህቴ አንድ ነገር ብትሆን ነው ብሎ ሀዋሳ ለመደወል ስልክ ቁጥር እየፈለገ ነው። ማታ ስገባ ሦስቱም ለእርቅ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ስለ ፈረንጇ ነገርኳቸው። ስለ አለመሰናበት ነገርኳቸው። አዴ በትዕግሥት ሰምታ ስትጨርስ፣ «እሷ ሴትዮ ጎረቤት የላትም?» ብላ ጠየቀች።

ውሻውን ከመውጣታችሁ በፊት አድክሙት የሚልም ምክር አለ። አንድ ጠዋት ሻምበልን ይዤ እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያና ከዚያም አልፌ በሩጫ ሄድኩ። የደከመው ማን እንደሆነ መናገር አለብኝ? ሙክታር መንገድ ዳር አግኝቶ በባጃጁ መለሰን። ሻምበል ከኋላ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ እኔ ተደግፌው እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ያየን ሰው በሙሉ ውሻው እኔን ሐኪም ቤት እየወሰደኝ መስሎታል።

ቀጥሎ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ልሰልለው ወሰንኩ። የወጣሁ አስመስዬ ዞርኩና ከመስኮቱ ሥር ቁጢጥ አልኩ። ገና ከመቀመጤ የመጣ የሄደው ሰላም ይለኝ ጀመር። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት የማላውቃት ሴት ሳትቀር አንገቷን አስግጋ «ከማን ነው የምትደበቀው?» አለችኝ። ከውሻዬ አልኳት። ከንፈሯን መጠጠች። በኋላ እንደሰማሁት ሰፈሩ ውስጥ የተወራው ከሴት እንደምደበቅ ነው፤ ይሄኛው ወሬ ቢያንስ ክብር ስላለው አላስተባበልኩም።

ውስጥ ስገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ፍራሹ ደህና ነው። ሶፋው ደህና ነው። ሻምበል ወለል ብሎ በተከፈተው ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ከጎኑ ሁለቱም ጥንድ ጫማዎቼ፣ ፎጣዬ፣ ትራሴና የቴሌቪዥኑ ሪሞት አሉ። ለካ እኔ ከሳጥኑ ላስወጣው ስለፋ እሱ ቤቱን ወደ ሳጥኑ እያስገባ ነበር። ለአንድ አፍታ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሳጥኑ ይሻላል ያለውን ይሄን ውሻ የት እንደማደርሰው አሰብኩ።

ሳጥኑ ካልሄደ ነገሩ አይሆንም ብዬ ሙክታርን ጠራሁት። ለእህቱ ዶሮ ማርቢያ እንዲሆን በባጃጁ ጣራ ላይ ጭኖ ወሰደው። ሻምበል እስከ በሩ ተከትሎ ቆሞ አየው። ዶሮ ይግባበት ብዬ የሰው ቤት እንደሸጥኩ ነው የተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር፣ ማስታወሱ ያመኛል። ፍራሼን ቀደደው። ጥጡ ከአልጋው ተነስቶ ማድ ቤት ደረሰ። ለእህቴ ሠርግ ያሰፋሁትን ሙሉ ልብስ አንድ እጅጌ ብቻ አስቀረልኝ። ይሄ ሁሉ ቢሆን እችለው ነበር፤ ያልቻልኩት ልቅሶውን ነው። ገና ባጃጅ ውስጥ ሳልገባ ይጀምራል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲወርድ የሚያንቀጠቅጥ። ጋሽ ታደሰ ብቻ ወዶታል። «ልክ የድሮዋ ባቡር ወደ ጣቢያ ስትገባ የምታሰማው ነው» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። አዴ ግን በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አስተያየቷ ያስፈራኛል። ሙክታርም እየመጣ «ጀልዴሳ ነፋሻ ናት እኮ» ይለኛል፤ የተወለደበትን አገር የሚያወድስ መስሎ።

ከዚያ አንድ ቀን በድንገት ተሻለው።

ማታ ስገባ ፍራሹ በቦታው ነው። ሻምበል በሩ ላይ ጭራውን እየቆላ ይቀበለኛል፣ ከዚያ እንደ ጨዋ ውሻ ተመልሶ ይተኛል። በማግስቱም እንዲሁ። በሣልስቱም። ጎረቤት አልተበሳጨም፣ ልቅሶ የለም። ፈረንጇን አመሰገንኳት። ራሴንም አመሰገንኩ፤ ራሴን የበለጠ። ሱቅ ለሚመጣው ሁሉ ስለ ውሻ አእምሮ አስረዳ ጀመር። ደብተር ሊገዛ የመጣ አንድ አስተማሪ ልጁን ብቻውን ማስተኛት እንዳቃተው ሲነግረኝ ምክር ሰጠሁት። «ዋናው ጽናት ነው» አልኩት። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን አለቃዬን ቀትር ላይ አዞረው። ወንበሩን ይዞ ቆየና ደጋን እየናፈቀ፣ «ለዛሬ እንዝጋ» አለ። እኔም ያለወትሮዬ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ወደ ቤት ገባሁ። ግቢው ጸጥ ብሏል። ከመስኮቴ ሥር ግን ጋሽ ታደሰ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ፍርግርጉ አድርጎ ያወራል።

«ኤረርን አለፍን» ይላል። «አሁን ወደ ጎታ ነን። በቀኝ በኩል ግመሎቹን አየሃቸው? ፍጥነት ቀንስ ማለት ነው። ግመል ለባቡር መንገድ አይለቅም።»

ጠጋ ብዬ በፍርግርጉ ውስጥ አየሁ። ሻምበል መስኮቱ ሥር ተኝቶ አንድ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል።

እንዲህ ሆኖ ነው ለካ የተሻለው። ጠዋት ጠዋት እኔ ስወጣ የአዴ ፈረቃ ነው፤ ሻይዋን ይዛ መጥታ ከመስኮቱ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ትቀመጥና በኦሮምኛም በአማርኛም ትገሥጸዋለች። ቀትር ላይ ጋሽ ታደሰ ነው፤ ከድሬ አስነስቶ አዋሽ ሳይደርሱ ሁለቱም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ከዚያ ሙክታር ጫቱን ይዞ ይመጣል፣ በምርቃናው ሰዓት ጀልዴሳ መንገድ ላይ ሊሠራ ያሰበውን ሆቴል ፎቅ በፎቅ ይነግረዋል። ፈረቃውን ያወጣው ጋሽ ታደሰ ነው፤ ጣቢያ ሰው አይጎድልም ብሎ። ያን ያህል ስመካበት የነበረው ውሻ እኔ አሠልጥኜዋለሁ ካልኩበት ጊዜ ጀምሮ አንዲት ደቂቃ ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

ሦስቱንም ሰብስቤ፣ «ማን አዘዛችሁ?» አልኳቸው።

«ያለቅስ ነበር» አለች አዴ። «ሰው ሲያለቅስ ዝም ይባላል?»

«ሰው አይደለም አዴ። ውሻ ነው።»

«ውሻ መሆኑን ካንተ በላይ አውቃለሁ። ለዚህ አይደል በመስኮት የማወራው?»

ለመንኳቸው። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። እንዲህ ከሆነ በሕይወቱ አይማርም፣ ብቻውን መሆን መልመድ አለበት አልኩ። ጋሽ ታደሰ በእርጋታ «ለምን?» አለኝ። ይሄን ጥያቄ ፈረንጇ አታነሳውም። አፌ ላይ የመጣልኝን ዘባርቄ፣ ከነገ ጀምሮ ማንም መስኮቱ ጋ እንዳይሄድ አስማልኳቸው። አዴ መሐላውን ስትምል ፊቷን አዙራ ነበር። እስካሁን ድረስ ስለዚያ መሐላ ሳስብ ላብ ላብ ይለኛል።

በማግስቱ ቃላቸውን ጠበቁ። ሻምበል ሲያለቅስ ጋሽ ታደሰ ልቅሶውን መቻል አቅቶት ወደ ጣቢያው ሄደ። አዴ ጎረቤት ቤት ገብታ በር ዘጋች። ሙክታር ባጃጁን አስነስቶ ወጣ። ረፋዱ ላይ ግን ዕቃ ረስቶ ቢመለስ ልቅሶው ተቀይሯል። ደወለልኝ። «ወሪያ፣ ቶሎ ና፤ ሊሞት ነው» አለኝ።

ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ መስኮቴ ላይ ነው። ሻምበል ጋሽ ታደሰ ወደሚቀመጥበት ወንበር ለመድረስ ጭንቅላቱን በፍርግርጉ አሹልኮ፣ መግባቱን እንጂ መውጣቱን አላሰበበትም። ብረቱ በፀሐይ ግሏል። ዓይኑ ፈጧል፣ ምላሱ ደርቋል፣ አንገቱ ተልጧል። አንዱ ሳሙና ይላል፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ በጭራው ይሳብ ይላል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እኔ ጭንቅላቱን ደግፌ ይዤ «ይቅርታ» እላለሁ።

በያጅ ተጠራ። ብረቱን ለመቁረጥ ሲጀምር ብልጭታው እንዳያቃጥለው ውኃ የሚያፈስበት ሰው ተፈለገ። አዴ ከየት እንደመጣች አላየኋትም፤ ለሶላት የምትታጠብበትን ማንቆርቆሪያ ይዛ ሰዉን ገፍታ ገባች። በአንድ እጇ ጆሮውን ሸፍናለት በሌላው ውኃውን አንገቱ ላይ ታፈሳለች። «አይዞህ፣ አንተ ሞኝ፣ አይዞህ» ትለዋለች። ቀሚሷ ከላይ እስከ ታች በውኃና በውሻ ፀጉር ርሷል። ብረቱ ሲቆረጥ ሻምበል ተመልሶ ወደ ክፍሉ ውስጥ ወደቀ፤ ተነስቶም ጭራውን ቆላ። ማን ላይ እንደሚቆላው ለመለየት አልሞከርኩም።

ሰዉ ሲበተን ይቅርታ ልጠይቃት ወደ አዴ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ቆማ ስልክ እያወራች ነበር። «እመጣለሁ ልጄ፣ እመጣለሁ» ትላለች። «ሕፃኑን ሳላየው እቀራለሁ? እዚህ አንድ ነገር ይዞኝ ነው። የሚያስቸግር ነገር። ትንሽ ጊዜ ብቻ።»

ሙክታርን ጠየቅሁት። ሐረር ያለችው ልጇ ወልዳ አራስ ናት። አዴ ለመሄድ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር፤ የጠዋቱን ፈረቃ የሚይዝላት ስለጠፋ ቀረች። ሙክታር ይሄን የነገረኝ እንደ ተራ ወሬ ነው። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለእኔ ውሻ ብላ አንዲት እናት ልጇን አራስ ቤት አልጠየቀችም። ፈረቃው ይቀጥል ልል ነበር የመጣሁት፤ አሁን ያን ማለት አልችልም። ብቻውን ይዋል ማለትም አልችልም፤ አንገቱን አይቻለሁ። ሱቁን ልተው ብል የምንበላው የለም። በየትም በኩል ሳስበው መጨረሻው ጀልዴሳ ነው።

«ውሰደው» አልኩት። ሙክታር እንደዚያ ሲለምነኝ ከርሞ፣ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ፊቱን አዙሮ የባጃጁን መስታወት መወልወል ጀመረ።

እሑድ እኔ፣ ሙክታርና ሻምበል በባጃጅ ጀልዴሳ ሄድን። ሻምበል እንደልማዱ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። የሙክታር አባት ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ አንገቱ ላይ ያለውን ቁስል አዩና የሚቀባ ነገር ሊያመጡ ሄዱ። ፍየሎቹ መጀመሪያ ሸሹት። ከዚያ አንዷ ተመልሳ መጥታ አሸተተችው፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ሻምበል መሐላቸው ዞር ዞር ብሎ፣ ግራር ሥር ቦታ መርጦ ተኛ። ዙሪያውን በሙሉ የሚተነፍስ ነገር ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ተዘርግቶ ሲተኛ አይቼው አላውቅም።

ልጠራው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ፈረንጇ ባለችው መሠረት ሳልሰናበተው፣ መሄዴ ትልቅ ነገር እንዳይመስለው ዝም ብዬ ሄድኩ። እንዳለችውም አላለቀሰም። ያለቀሰው ሌላ ነው፤ ሙክታርም ጨዋ ስለሆነ እስከ ድሬ ድረስ አቧራው ነው እያለልኝ ነዳ።

አዴ ሐረር ሄደች። በማግስቱ እኔ ሥራ አልገባሁም፤ አሞኛል ብዬ ደወልኩ። ውሸት አልነበረም። በተሰፋው ፍራሽ ላይ ተጋድሜ ጣራውን አያለሁ። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ፈረንጇ ብታየው የምትኮራበት ዓይነት። ካልሲዬ የጣልኩበት ቦታ ላይ አለ፤ የሚወስደው የለም። ቀትር ሆነ። ሙቀቱ ከበደ። ከመስኮቴ ሥር ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

ተነስቼ አየሁ። ጋሽ ታደሰ ነው፤ በተቆረጠው ብረት በኩል ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ውሻው እኮ የለም» አልኩት።

«አውቃለሁ።» ተደላድሎ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ሙክታርም የከሰዓቱን ፈረቃ ይዟል። አዴ ከሐረር እስክትመለስ ጠዋቱን ተካፍለነዋል። ሻምበል አፍደም ጣቢያ ላይ ነው የወረደብኝ። አንተ ከየት ትሳፈራለህ?»

ወንበሬን ወደ መስኮቱ ጎትቼ ተቀመጥኩ።

«ከድሬ» አልኩት።